ጋሽ እንዳይሰበርና ሁለቱ የዳር ብስኩቶች

«አንቺ ስስ ብርጭቆ፣ መዳፌ ሻካራ፣
እንዴት አርጌ ይዤ… ህም… ህም… ህም… ራ።»

ጋሽ እንዳይሰበር ካርቶን ሲቆርጡ የሚያንጎራጉሩት ይህንን ነው። ከዚህ በላይ አያውቁትም። ሁለተኛው ስንኝ ወገቡ ላይ ሲደርስ ግጥሙ ይጠፋቸዋል፤ ቀሪውን በአፍንጫቸው ያሻግሩና መድረሻው «ራ» እንደሆነ ብቻ አስታውሰው ያሳርፉታል። እኔ ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ። የእሳቸው ወለል የኔ ጣሪያ ነው። ይህን ጎዶሎ ዜማ ዝናብ ሲዘንብም ሲያባራም፣ ለዓመታት በሲሚንቶ ተጣርቶ ሰምቼዋለሁ።

ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብርጭቆ ሲያይ ውሃ ይጠማዋል። ሌላው ብርጭቆ ሲያይ ወለሉን ያያል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በየፎቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተሰቡ አንድ አንድ ተመድቧል። ልጅ ሲሮጥ የተላጠ ጉልበት የሚታየው፣ ሰው ቤት ሲጋበዝ ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ የሚቀመጥ፣ ፀሐይ ስትወጣ «ይቺማ ዝናብ ልታመጣ ነው» የሚል። እርስዎም ያውቁታል። ምናልባት አጎትዎ ነው። ምናልባት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ እንዲያ ከሆነ ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡ፣ ቆመው ካነበቡት ሊወድቁ ይችላሉ።

ክቡር ጋሽ እንዳይሰበር ግን ከተራ ሥጋታሞች ተርታ የሚመደቡ አይደሉም። እሳቸው ሥጋታቸውን ሙያ አድርገው እንጀራ የበሉበት ሰው ናቸው። ለሚሰበር ምግብ ማሸጊያ ይሠራሉ። ለእንቁላል፣ ለኬክ፣ ለበሰለ ቲማቲም፣ ለስስ ብስኩት። ካርቶን ይቆርጣሉ፣ ያጥፋሉ፣ ውስጡን ይከፋፍላሉ፣ ከዚያ ይፈትኑታል። ፈተናው ሦስት ነው፦ «ከወገብ፣ ከደረት፣ ከትከሻ!» ተሸካሚ ሲደክመው ዕቃ የሚለቀው ከነዚህ ከሦስቱ ነው ይላሉ። በወጣትነታቸው መጋዘን በር ላይ ቆመው ስንት ዕቃ ከየት ከፍታ እንደሚወድቅ ሲቆጥሩ ከርመዋል።

ስለዚህ አዲስ ማሸጊያ በተሠራ ቁጥር ጣሪያዬ ሦስት ጊዜ ድው! ይላል። ከዚያ ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ ከዚያ በሬ ላይ ሁለት ጣት።

«ጎረቤት፣ ሦስተኛውን ሰማኸው?»

«እንዴት አልሰማ ጋሼ፣ ሾርባዬ ውስጥ ኖራ ረገፈበት እኮ።»

«ኖራውን ተወው። ድው ብሎ ቀረ፣ ወይስ ከኋላው ሽርርር አለ?»

ምን ይደረግ፣ መመለስ ለመድኩ። ድው ብሎ ከቀረ ውስጡ ያለው ደህና ነው። ሽርርር ካለ የሆነ ነገር ደቅቋል። «ትንሽ ሽርርታ ነበረው» ስላቸው ሞት እንደተረዳ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ደረጃውን ይወጣሉ። «ድው ብሎ ቀረ ጋሼ» ስላቸው ደግሞ ያመሰግኑኛል፤ ግን አያምኑኝም።

አንድ ቀን ስድስት እንቁላል በፌስታል አንጠልጥዬ ስገባ ደረጃው ላይ ያዙኝ። አንዴ ፌስታሉን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነው።»

«እንቁላልማ ነበር። አሁን ግን በነፍስ መጫወት ነው!» ብለው ነጠቁኝ።

«ጋሼ፣ ርቦኛል፤ ደግሞም የገዛሁት ልሰብረው ነው።»

«አንተ ስትሰብረው ሌላ፣ ራሱ ሲሰበር ሌላ!»

በሩ ተዘጋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስድስት ጎጆ ባለው ካርቶን አስተኝተው መለሱልኝ፤ አንዷ ጎጆ ላይ በእርሳስ «ይቺ ስንጥቅ ናት፣ ቅድሚያ ስጣት» የሚል ተጽፎባታል። ርሃቤ በዚያ መሀል ተስፋ ቆርጦ ሄዶ ነበር።

ሌላ ጊዜ ለአንዲት የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ የልደት ኬክ ለማድረስ በታክሲ አብረን ሄድን። ክቡርነታቸው ኬኩን ጭናቸው ላይ አድርገው በየሃያ እርምጃው «ቀስ!» ይላሉ። ጉድጓድ ገና ከሩቅ ሲያዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሹፌሩ በመስታወት አያቸውና፣ «አባት፣ ኬክ ነው ወይስ ቦምብ የያዙት?» አላቸው።

«ቦምብ ቢሆን አንዴ ነው የሚፈነዳው» አሉት፣ «ኬክ ግን በየጉድጓዱ ነው።»

ስንደርስ ልጅቷ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት። ኬኩ ግን፣ መመስከር አለብኝ፣ ክሬሙ ላይ የሰፈረች አንዲት ነጥብ እንኳ ቦታዋን አልለቀቀችም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ክቡር ጋሽ እንዳይሰበር እንዲያሻሽሉት ያልተፈቀደላቸው ማሸጊያ አንድ ብቻ ነበር። የባለቤታቸው።

ባለቤታቸው እትዬ፣ ብስኩት ጋጋሪ ነበሩ። የሚጋግሩት ብስኩት ስስነቱ፣ መስኮት ላይ ቢይዙት ከማዶ የሚያልፈው ሰው ጥላ ይታይበታል። ሃያ ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ ይደረድራሉ፤ እንደ ዱላ በቡናማ ወረቀት ይጠቀልላሉ፤ ጫፍና ጫፉን ይጠመዝዛሉ፤ አለቀ። ጋሼ በብስክሌት ለየሱቁ ያደርሳሉ። ባለሱቆቹ ሲፈቱት መሀል ያሉት ሃያው ደህና ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ግን ሁልጊዜ ተሰብረዋል። ሃያውን ይቀበላሉ፣ ሁለቱን ይመልሳሉ። ጋሼ ስባሪውን በመሐረብ ቋጥረው፣ ፊታቸውን እንደ ክረምት ሰማይ አጥቁረው ይመለሳሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያንን ጥቅልሽን ላስተካክልልሽ። የኔ ሚስት ብስኩት ተሰብሮ እየተመለሰ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»

«ተወው።»

«ሁለት ብቻ እኮ ነው፤ ዳሩ ላይ የሆነች ነገር…»

«ተወው አልኩህ። ሁለቱ የኔና ያንተ ናቸው።»

ከዚያ ወንበር ሲሳብ ይሰማኛል። አንድ ወንበር፣ ሁለት ወንበር። ከዚያ ፀጥታ፣ በፀጥታው ውስጥ ደግሞ ያ የብስኩት ኮሽታ። ሠላሳ ዓመት «ላስተካክለው» አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ተከለከሉ። የዘፈኑን መጨረሻ የሚያውቁትም እትዬ ነበሩ። ጋሼ ካርቶን እየቆረጡ ሲያጎድሉት፣ እሳቸው ከመጋገሪያው በኩል ይሞሉታል። እኔም እታች ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። ግን ዛሬ ልሙላልዎት ብላቸው የሰው ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ይሆንብኛል።

ባለፈው የዝናብ ወር እትዬ ሞቱ። ድንገት ነበር፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ።

ሬሳ ሳጥኑ ደረጃውን ሲወርድ ጋሼ ከፊት ከፊት ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቀስ… ቀስ… ማዕዘኑን ያዙ… ቀስ» ይሉ ነበር። መታጠፊያው ላይ አስቆሙና አናጢውን ጠሩት። «በጎን በኩል ክፍተት የለውም አይደል? አትነቃነቅም አይደል?» አናጢው ከንፈሩን ነክሶ፣ «የለውም ጋሼ። አትነቃነቅም» አላቸው። ያን ዕለት ማንም አልሳቀባቸውም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቃል በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ቀስ።

ከቀብር መልስ ጠረጴዛው አጠገብ ያሉት ሁለቱ ወንበሮች ላይ ካርቶን ተከመረ። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ተቀምጠው አልበሉም። ዳቦ ቆርሰው መስኮቱ ጋ ቆመው ያኝካሉ፤ ግማሹ ኪሳቸው ውስጥ ይደርቃል።

«ጋሼ፣ አረፍ ብለው ይብሉ እንጂ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ የቆመው በቀበቶ ሳይሆን በይሉኝታ ይመስል ነበር።

መጋገሪያው ግን አልጠፋም። ልጃቸው ከእናቷ ተቀብላ መጋገሩን ቀጠለች። እጇ ያው የእናቷ እጅ ነው፤ ብስኩቱም ያው ስስ። ችግሩ፣ የሰፈሩ ሱቆች አንድ ባንድ ተዘግተው ብስኩቱን የሚወስድ አንድ ሱቅ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ኮረኮንች መንገድ ማዶ፣ ሌላ ከተማ። ያ ሱቅ እንቢ ካለ የእናቷ መጋገሪያ ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

«እኔ አለሁልሽ!» አሉ ጋሼ። ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ፈቃድ በመጥፎ ቀን ደረሳቸው። የሚከለክል የለም። ሁለት ሳምንት በራቸውን ዘግተው ቆረጡ፣ አጠፉ፣ አጣበቁ፤ ከዚያ ጠርተው አሳዩን። ሃያ ሁለት ጠባብ ክፍል ያለው ካርቶን። እያንዳንዷ ብስኩት ለብቻዋ ቆማ፣ በግራም በቀኝም ግድግዳ፣ ከላይ ክዳን።

«እያንዳንዷ የራሷ ክፍል አላት» አሉ በኩራት። «ማንም ማንንም አይነካም። ዳር የለ፣ መሀል የለ። አንዷም አትሰበርም!»

ልጅቷ አየችውና «ሆቴል ነው እኮ የሠራኸው አባዬ» አለች። ከወገብ፣ ከደረት፣ ከትከሻ። ጣሪያዬ ምስክሬ ነው፤ ሦስቱም ድው ብለው ቀሩ።

የመጀመሪያው ጭነት ሱቁ ሲደርስ ፍርፋሪ ነበር። ግድግዳውን አወፈሩት፤ ሁለተኛውም ፍርፋሪ። ከታች ጥጥ አነጠፉበት፤ ሦስተኛውም ፍርፋሪ። ባለሱቁ ደወለ። ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስለያዘችው እኔም ሰማሁት። «እመቤት፣ ዱቄት ከሆነ እኛም ከተማ ወፍጮ አለ። አራተኛው እንዲህ ሆኖ ከመጣ አምስተኛውን እንዳትልኪ።»

እኔ ቤት ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጇ ላይ ዱቄት አለ። «አንተ ንገረው፤ እኔን አይሰማኝም። ተወው ብዬ ብነግረው እሱ ይሰበርብኛል። ዝም ብል የእማዬ መጋገሪያ ይጠፋል። የቱን ልምረጥ?»

ወጥቼ፣ «ጋሼ፣ ለምን ከጭነቱ ጋር አብረን ሄደን መንገዱን አናየውም?» አልኳቸው።

«መንገዱን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የምፈትነው ውድቀትን ነው።»

«ይሁን፤ እኔን አጅቡኝ።»

ልጅቷ አንድ ካርቶን ለሙከራ ሞላችልን። ከጭነት መኪናው ኋላ ሸራ ሥር ገብተን፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ጋሼ ካርቶኑን ታቅፈው ጆሯቸውን ለጠፉበት። ሹፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም በቀዳዳው አጮልቆ አያቸውና፣ «አባት፣ ሐኪም ነዎት እንዴ? ልቡ ይመታል?» አለ። አልመለሱለትም። ይህ ራሱ አስደነገጠኝ፤ ለሹፌር መልስ አጥተው አያውቁም።

ከከተማው መውጫ ድልድይ ወዲያ ኮረኮንቹ ጀመረ። ጉድጓድ እንኳ አይደለም፤ ተራ ጠጠር፣ የማያልቅ። ጥርሴ ከጥርሴ ይጋጫል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ዘጉት።

«አልወደቁም እኮ» አሉ። «ማንም አልጣላቸውም።»

እንደገና ክዳኑን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን ሰደዱ።

«እየተንቀጠቀጡ ነው። እያንዳንዷ በየክፍሏ፣ ለብቻዋ። ትርርር፣ ትርርር፣ ትርርር፣ ከዚያ ትሰነጠቃለች።» ካርቶኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እኔ ለመውደቅ ነበር ያዘጋጀኋቸው።»

እሳቸውም ይንቀጠቀጡ ነበር። ከብርዱ ይሁን ከመንገዱ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ኮታቸው ውስጥ የቀረው ሰውነት ከልክ በታች ሆኖ፣ መኪናው በነቀነቀ ቁጥር ከሸራው ምሰሶ ጋር ይጋጫል። ተጠጋኋቸው። ትከሻዬን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩና ጀርባችንን አንድ ላይ ከጆንያው ጋር አጣበቅነው። ቀጥሎ የመጣው ኮረኮንች ሁለታችንንም እንደ አንድ ዕቃ ነቀነቀን፤ ግን አላጋጨንም።

ጋሼ የተጣበቀውን ትከሻችንን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጎረቤት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሴትየዋ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ጥቅሉን። እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የሚሄዱት። ዳሮቹ ሁለቱ ይሰበራሉ፤ መሀል ያሉት በነሱ ይተርፋሉ። ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ስህተት መስሎኝ…» ቀሪውን ሞተሩ ዋጠው። እኔም ዝናቡን ማየት ጀመርኩ፤ ለሰው ፊት ቦታ መልቀቅ ሲያስፈልግ ዝናብ ጥሩ ነው።

እንደተመለስን መጋገሪያው በር ላይ ቆሙ፤ ውሃ ይንጠባጠባቸዋል።

«ቡናማው ወረቀት አለ?»

ልጅቷ መሳቢያ ሳበች። «እማዬ ቆርጣ ያስቀመጠችው እንኳ አላለቀም።»

«በይ አንቺ ጠቅልይው። የኔ እጅ አያውቀውም።»

ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘረጋው አንድ ነጭ የዱቄት የጣት አሻራ ጫፉ ላይ ነበር። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እሷ ደረደረች፣ ጠቀለለች፣ ጫፍና ጫፉን ጠመዘዘች። እሳቸው ጥቅሎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚተኙበት፣ ክፍልፋይ የሌለው አንድ ተራ ካርቶን ሠሩ። አልጣሉትም። ከወገብም፣ ከደረትም፣ ከትከሻም። ያን ሳምንት ሙሉ ጣሪያዬ ዝም አለ። ስንት ዓመት በመጥረጊያ እንጨት የደበደብኩት ጣሪያ ዝም ሲል፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ሾርባዬን ይዤ ወደ ላይ አንጋጥጬ ቀረሁ። ኖራው እንኳ ናፈቀኝ።

አራተኛውን ራሳቸው አደረሱት፤ እኔም አብሬ። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን ጥቅል በቢላ ቀደደና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቆጠረ። «ሃያ ደህና። እነዚህ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ስባሪ ናቸው፤ አልቀበላቸውም።»

«አይቀበሏቸውማ!» አሉ ጋሼ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መሐረብ ከኪሳቸው እያወጡ። «እነሱ የርስዎ አይደሉም።»

ባለሱቁ እኔን አየኝ፤ ትከሻዬን ሰበቅኩለት። ሌሎቹንም ጥቅሎች ወደ መደርደሪያው እየወሰደ፣ «አምስተኛው መቼ ይደርሳል?» አለ።

ቤት ስንደርስ ቀኑ ከዝናቡ ጋር አብሮ እየደበዘዘ ነበር። ልጅቷ አባቷ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቃለች። ጋሼ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ሁለቱ ብስኩቶች እንደ ተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት እዚያው ተዘርግተው ታዩ። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ሰሃን አመጣች።

እኔ በቀስታ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

«ወዴት ነው?»

«ልውረድ ጋሼ። ብስኩቱም ሁለት፣ ወንበሩም ሁለት።»

«ስባሪ ለሦስትም ይሆናል። ያ ካርቶን ላይ ተቀመጥ። አትፍራ፣ ከትከሻ ተፈትኗል።»

ተቀመጥኩ። ቻለኝ።

ልጅቷ አንዱ ወንበር ላይ የተከመረውን ካርቶን አንስታ መሬት አኖረች፣ ወንበሩን በመዳፏ ጠረገችና ተቀመጠች። ጋሼ አሁንም ቆመዋል። ከሰሃኑ ትልቁን ስባሪ አንስተው ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «የእናትሽ ድርሻ ነው፤ ብይው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እንደ ልማዳቸው፣ እጃቸው ሥራ የፈታ ስለመሰላቸው፣ ማንጎራጎር ጀመሩ።

«አንቺ ስስ ብርጭቆ፣ መዳፌ ሻካራ፣
እንዴት አርጌ ይዤ… ህም… ህም…»

ልጅቷ እያኘከች፣ ምንም ሳታስብ፣ ብስኩቱን ሳትውጥ ሞላችው፦

«…ልኑር ካንቺ ጋራ።»

ከዚያ የሠራችውን አውቃ ደነገጠች።

ጋሼ ከመስኮቱ ዞሩ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለውን ካርቶን አነሱት። እንደ ወትሮው «ቀስ» አላሉም፤ መሬት ላይ ድው አደረጉት፣ ከወገብ። ወንበሩን ሳይነቀንቁ ተቀመጡ። ከሰሃኑ ስባሪያቸውን አነሱና በሉ።